ሁለት ለአንድ የተሸነፈው መለኪያ

ጉራ ነው ካላችሁኝ ጉራ ነው፤ አልክድም። ከኮተቤ በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት የእንጦጦ ዳገት ላይ፣ በሲሚንቶ የተሠራ አንድ የውሃ ጋን አለ። ከሥሩ ያሉ የማኅበር ቤቶችና አንድ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ተባብረው ካስቆፈሩት ጉድጓድ ውሃው በፓምፕ ወደዚያ ይወጣል፤ ከዚያ ደግሞ በራሱ ጊዜ ቁልቁል ይወርዳል። ፓምፑ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከተከልነው ወዲህ መብራት ስንቴ እንደሄደ ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ መብረቅ አንዴ መቆጣጠሪያውን አንድዶታል፣ አይጥ ኬብል በልታለች፣ የገዛ ፕሮግራሜ ሁለት ጊዜ ደርቆ ቀርቷል። ክሊኒኩ ግን አንድም ቀን «እጥበት ተቋረጠብን» ብሎ ደውሎልኝ አያውቅም።

ነገሩ ለሰው ሲነገር ምትሃት ይመስላል እንጂ ቀላል ነው። ዕቃ ይበላሻል፤ በቃ። ይሄን ማመን የከበደው ሰው የእኔን ሥራ ባይነካ ይሻለዋል። ስለዚህ ኮምፒውተሮቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ሲሠራ ሌላው በየሰከንዱ «አለህ?» ይለዋል። መልስ ካጣ ሥራውን ተቀብሎ ይቀጥላል። ፕሮግራሙም እንዲሁ ነው፤ ደርቆ ከቀረ ቀስቅሶ ካቆመበት የሚያስነሣው ሌላ ትንሽ ፕሮግራም አጠገቡ አለ። ይሄ ሁሉ በወረቀት ላይ ስላለ ብቻ አላምነውም። ሰኞ ሰኞ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሚሠራውን ኮምፒውተር ሶኬት በእጄ እነቅላለሁ። የክፍላችን ኃላፊ የመጀመሪያ ቀን ሲያየኝ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ነበር።

«ደህና የሚሠራው ምን አደረገሽ?» አለኝ።

«ምንም። ግን እኔ እያየሁት ካልተነሣ፣ እኔ በሌለሁበት ይነሣል ብለህ ነው?»

በጋኑ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንዳለ የሚነግሩን ደግሞ ሦስት መለኪያዎች ነበሩ። ከክዳኑ ሥር ተንጠልጥለው ድምፅ ወደ ታች ይልካሉ፤ ድምፁ ውሃውን ነክቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይቆጥራሉ። ቶሎ ከተመለሰ ጋኑ ሞልቷል፣ ከዘገየ ጎድሏል። ይሄንንም ኃላፊያችን «አንድ አይበቃም? ሦስት ምን ያደርጋል?» ብሎ ተከራከረኝ።

«ሚስትህን ስታገባ ስንት ሽማግሌ ላክህ?» አልኩት።

«ሦስት።»

«አንድ አይበቃም ነበር?»

ሳቀና ፈረመልኝ። ሕጉንም እንደ ሽምግልና አድርጌ ጻፍኩት። ሁለት የተስማሙበት ይጸናል፤ ለብቻው የሚያወራው «ተበላሽቷል» ተብሎ ይተዋል። ማንም ሰው በእጁ ጣልቃ አይገባም የሚለውንም ያስገባሁት እኔው ነኝ። ከእኔ በፊት ፓምፑ በእጅ በሚነሣበት ዘመን አንዱ ረስቶት ጋኑ ገንፍሎ፣ ከሥሩ የነበረ የጭቃ ቤት ግድግዳ ይዞ ሄዷል። ሰው ሲደነግጥ የሚነካካውን አያውቅም፤ ኮምፒውተር ግን አይደነግጥም።

አንድ ነገር ብቻ ከሆዴ አልወጣ አለኝ። የተሸነፈው ዝም ይበል ማለት አልሆነልኝም። ቤታችን ውስጥ ስድስት ልጆች ነበርን፣ እኔ አምስተኛ ነኝ፤ ብዙ ሆኖ መሳሳት ምን እንደሚመስል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እና አንዱ ከሁለቱ ጋር ሳይስማማ ከቆየ፣ ሰው አይቶ ምክንያቱን እስኪጽፍ ድረስ ስክሪኑ ላይ የማትጠፋ ቢጫ መብራት አስገባሁ። እንግዲህ ይቺ መብራት የጠብ ምንጭ ሆነች። ሸረሪት መለኪያው ላይ ድር ሲያደራ ትበራለች፤ እንፋሎት ሲያረጥበው ትበራለች።

«ይቺን ቢጫ ነገር አጥፊልን እባክሽ፣ ሰው አሰለቸች» አለ ኃላፊው። «ሁለት ለአንድ ከሆነ አለቀ። ሕጉ ይሄ አይደል?»

«አላጠፋም።»

«ለምን?»

«አላጠፋማ።»

ሳምንት ሙሉ ተኳረፍን። ጸባዬ እንዲህ ነው፤ እናቴ «ይቺ ልጅ ምላሷ ሚጥሚጣ ነው» ትል ነበር፣ አልተሳሳተችም። መብራቷ ግን ሳትጠፋ ቀረች።

አሁን ስለ መምህሬ ልንገራችሁ። እዚያው ኮተቤ መምህርነት ሠልጥነው፣ እዚያው አስተምረው፣ እዚያው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሒሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ ዐሥረኛን ስጨርስ ሥራ ሊያስገባኝ ሲያስብ፣ ቤታችን ድረስ መጥተው «ይቺን ልጅ ከሒሳብ ካስወጧት እኔና እርስዎ እንጣላለን» ያሉትም እሳቸው ናቸው። አሁን በየሳምንቱ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ከዚያ ክሊኒክ አልጋዎች አንዱ የሳቸው ነው። ደማቸውን የሚያጥበው ማሽን አራት ሰዓት ሙሉ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። የክሊኒኩ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ቢያዘልቅ ግማሽ ሰዓት ነው። ውሃ ከተቋረጠ እጥበቱ ይቋረጣል፤ ያልወጣው መርዝ ሰውነታቸው ውስጥ ያድራል። ይሄ የምነግራችሁ ነገር በሆነበት ወር ደግሞ በጣም ደክመው ስለነበር ሐኪሙ «አንድም ቀን እንዳይጎድል» ብሎ አስጠንቅቋቸዋል። እኔ ስለ ጋኑ ሳስብ የማስበው ስለ ውሃ አልነበረም።

ቀኑ ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ማክሰኞ ነው፣ የኮተቤ ሰው ጋቢውን ሳያወልቅ የሚያረፍድበት ወር። ከንጋት ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ መብራት አልነበረውም። ክሊኒኩ በጄኔሬተር ይሠራል፤ የእኔ ኮምፒውተሮች በባትሪ ይሠራሉ፤ ፓምፑ ግን ያለ መብራት አይነሣም። ሦስት ሰዓት ሲሆን መብራት መጣ። መገናኛ ካለው ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ፓምፑ ሲነሣ ልይ ብዬ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። አልተነሣም። ቢጫዋ መብራት ብቻ በርታለች።

ሁለቱ መለኪያዎች «ጋኑ ሙሉ ነው» ይላሉ። ሦስተኛው «ሩብም የለ» ይላል። ኮምፒውተሬ ሕጌን አክብሮ፣ ሦስተኛውን ተበላሽቷል ብሎ ጥሎ፣ ፓምፑን ከልክሎ ቁጭ ብሏል።

ኃላፊው ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። «ሁለት ለአንድ ነው» አለ።

«ውሃው ከየት መጥቶ ሞላ?» አልኩት። «ከንጋት ጀምሮ ፓምፑ አልሠራም። ሰው ግን ሲታጠብ፣ ሲያጥብ፣ ሲያበስል አርፍዷል። ቀድተውለት ነው የሞላው?»

ገባው። ፈሪ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም። «ብትሳሳቺስ?» አለ ቀስ ብሎ። «ገንፍሎ ዛሬም የሰው ቤት ቢወስድስ? እጅ አታስገቡ ያልሽን እኮ አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ወረቀቱንም ጽፌ፣ ሞኙንም ሠርቼ አስቀምጫለሁ። ጋኑ ዘንድ የሚውሉት ዘበኛ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። ደግሜ ደወልኩ፣ ያው ነው። በዚህ መሃል የክሊኒኩ ነርስ ደወለች።

«የጣሪያው ታንከር እየወረደ ነው። ከላይ ምንም አይመጣም» አለችኝ። «ሰዎቹን ከማሽን እናውርዳቸው?»

«መምህር አሉ?»

«አሉ። ገና አንድ ሰዓት አልሞላቸውም።»

ፈራሁ። ይሄን የምለው ሰው ደፋር ናት ብሎ እንዳያስብ ነው። በአንድ በኩል እዚያ አልጋ ላይ ያሉ ሰው አሉ፣ በሌላ በኩል ከጋኑ ሥር ተኝተው ይሁን ሥራ ሄደው የማላውቃቸው ሰዎች ቤት አለ። ግን ሒሳቡን ሦስቴ ብሠራው ያው ነው፤ ያልገባ ውሃ ሊሞላ አይችልም።

«እንዳትነኳቸው» አልኳት። «ውሃ ይመጣል።»

የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። ሁለቱን መለኪያዎች ከሽምግልናው አስወጣኋቸውና ፍርዱን ለአንዱ ሰጠሁ፤ ያ ለብቻው የሚያወራው ሦስተኛው ነው። ፓምፑ ተነሣ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ተጠያቂዋ እኔ ነኝ» ብዬ ስሜን ጻፍኩበት። ኃላፊው አየኝ፣ አየኝና ወንበር ስቦ አጠገቤ ቁጭ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ወጥቶ ይሄድ ነበር፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ዘበኛው መልሰው ደወሉ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «ምን ሆነሽ ነው ስልኩን ያቃጠልሽው? እኔ ጎጆ ውስጥ ትቼው ጭራሮ እየለቀምኩ ነበር።»

«አባባ፣ ጋኑ ሞልቷል?»

«ምን ይሞላል? ባዶ ሊሆን ነው እንጂ። ጠዋት ከጉልበት በታች ነበር።»

«እንዴት አወቁ?»

«በእንጨቴ ነዋ።»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ኃላፊው «በቃ፣ በቃ» እያለ መሀረብ ሰጠኝ። ወዲያው ነርሷ ደወለች፤ ውሃው ደርሷል፣ ማሽኖቹ ለአፍታም አልቆሙም። እንባዬን ሳልጠርግ ንዴቱ መጣ። የምን እንጨት?

ታክሲ ይዤ ኮተቤ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሬ እያለከለክሁ ወጣሁ። ዘበኛው ሰባን ያለፉ አዛውንት ናቸው። ጋኑ የቆመበት መሬት ድሮ ገብስ የሚዘሩበት የቤተሰባቸው ማሳ ነበር፤ አሁን ጠባቂው ሆነዋል። ሰላምታ ሳላበዛ ጋኑ ላይ ወጥቼ ክዳኑን ከፈትኩ። ከሦስቱ መለኪያዎች ሁለቱ ፌስታል ለብሰዋል። ዝም ብሎ የተጣለ ፌስታል አይደለም፤ እንደ ሕፃን ራስ ተሸፋፍነው በክር ታስረዋል።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ውርጩ ነዋ። ጠዋት ስከፍተው ውሃ ጠብ ጠብ ይላቸዋል፣ አልቧቸው። ብርድ ሳይመታቸው አለበስኳቸው።»

መለኪያው ድምፁን ይልካል፤ ድምፁ አፍንጫው ሥር ያለውን ፌስታል ነክቶ ወዲያው ይመለሳል፤ ውሃው እዚህ ደርሷል ይላል። «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» ልል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ሽበታቸውን አየሁና ዋጥኩት።

«ሦስተኛውንስ ለምን አላለበሱትም?» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ፌስታል አለቀብኝ።»

ሳቄ መጣ። ይሄን ያህል ፕሮግራም ጽፌ፣ ሁለት ኮምፒውተር ደርድሬ፣ ሰኞ ሰኞ ሶኬት ነቅዬ፣ የመምህሬ ቀን የተንጠለጠለው በአንድ ፌስታል ማለቅ ላይ ነበር። ቁጭ ብዬ የሦስቱን ሽማግሌ ሕግ አስረዳኋቸው፤ ሁለት ሲስማሙ ለምን እንደሚታመኑም ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እና ሦስቱንም ከአንድ ቤት አመጣሻቸው?» አሉ።

«እንዴት?»

«ያው አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንድ ቦታ ተሰቅለዋል። ይሄን ያሳወረ ያንንም ያሳውረዋል። ሽማግሌማ አንዱ ከካህን፣ አንዱ ከጎረቤት፣ አንዱ ከዘመድ ነው የሚመረጠው። ሦስት ወንድማማች ሽማግሌ አይባልም፤ አንድ ሰው ነው።»

አፈርኩ። ይሄን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ ጥሩ ውጤትም አግኝቼበታለሁ። ሥራ ላይ ስደርስ ግን ሦስት የሚለውን ቁጥር ይዤ ቀረሁ። እንጨታቸውንም አሳዩኝ፤ በቢላዋ የተቆረጠ ምልክት ያለበት ረጅም የባሕር ዛፍ ዘንግ ነው። መለኪያዎቹ ከተሰቀሉበት ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሲለኩ ኖረዋል።

«አላመኑኝም ማለት ነው» አልኳቸው፣ ከልቤ ተቀይሜ።

«አንቺንማ አምናለሁ» አሉ። «ዕቃ ነው የማላምን።»

እኔስ የምለው ይሄንኑ አይደል?

ቢሮ ተመልሼ የኮምፒውተሩን መዝገብ ሳነብ ነገሩ ሁሉ ተጽፎ አገኘሁት። መጀመሪያ አንዱ መለኪያ ሲሳሳት ሁለቱ ደህኖች አሸንፈውታል፤ እስከዚያ ሥራዬ እንከን የለውም። ሁለተኛውም ሲለብስ ግን ውሸታሞቹ በለጡ፣ ፍርዱ ተገለበጠ። ደግሞም ጋኑ ከሩብ ተነሥቶ በአንዲት ደቂቃ ሞላ ይላል። ጋን በአንድ ደቂቃ እንደማይሞላ ሕፃን ያውቃል። ኮምፒውተሬ ግን አላወቀም፤ ስላልነገርኩት ነው።

ነገርኩት። ወር ሳይሞላ አንዱን መለኪያ አንሥቼ በቦታው ሌላ ዓይነት አስገባሁ፤ ጋኑ ወለል ላይ ተቀምጦ የውሃውን ክብደት የሚመዝን፣ የራሱ ባትሪ ያለው። ሌላው በተንሳፋፊ የሚሠራ ሆነ። ከክዳኑ ሥር የቀረው አንዱ ብቻ ነው። አዛውንቱም ጠዋት ጠዋት ዘንጋቸውን አስገብተው ያዩትን ምልክት ቁጥር በአጭር መልእክት ይልካሉ፤ ፕሮግራሜ ይቀበለዋል፣ እንደ አንድ ሽማግሌ ይቆጥረዋል። በዓለም ላይ የባሕር ዛፍ ዘንግ ድምፅ የሚሰጥበት ሌላ ኮምፒውተር ካለ አምጡና አሳዩኝ። ኃላፊውም ቢጫዋ መብራት ድምፅ ቢኖራት ይሻላል ብሎ ራሱ አሳሰበ፤ እኔ ፈቃድ ስወጣ የሰኞውን ሶኬት የሚነቅለውም እሱ ነው። ኮራሁ። አሁንም ኮርቻለሁ።

ለመምህሬ መንገር ግን ከበደኝ። እሳቸው ያን ማክሰኞ ምንም ሳያውቁ አራት ሰዓታቸውን ጨርሰው፣ ሻይ ጠጥተው ነው ወደ ቤት የገቡት። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ደማቸው በቱቦ እየወጣ፣ በቱቦ እየገባ፣ መነጽራቸውን አድርገው ጋዜጣ ያነባሉ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው።

እንደ ፈተና ጠየቁኝ። ስንት መለኪያ? ሁለቱ በምን ያህል ጊዜ ልዩነት ተሳሳቱ? ሕጉ ምን ይላል? የቱን አይተሽ ነው ሕጉን የጣስሽው? መለስኩ። ፌስታሉ ጋ ስደርስ ሳቁ፤ ነርሷ ዞር ብላ እስክታየን ድረስ ሳቁ።

«የእኔም እኮ እንዲሁ ነው» አሉ። «እግዜር አንዱ ቢደክም ብሎ ሁለት ኩላሊት ሰጠኝ። ሁለቱም ግን ከአንድ ደም ነበር የሚጠጡት። ግፊቱ አብሮ ጨረሳቸው።»

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለትንሽ ነበር የተረፉት።»

ጋዜጣውን አጥፈው ደረታቸው ላይ አስቀመጡት።

«እግሬ ማበጥ ሲጀምር ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ሾላ ገበያ ወርጄ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጫማ ገዛሁ። ከዓመት በኋላ እሱም ጠበበኝ፤ ሌላ ገዛሁ። የሒሳብ መምህር ነኝ እንግዲህ። ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ሦስተኛው ጫማ አልገባ ሲለኝ ነው፤ እብጠቱ ለካ ኩላሊቴ ሲጣራ ኖሯል።»

ነርሷ መጥታ መርፌውን አየች፣ ማሽኑ ላይ የሆነ ነገር ነካክታ ሄደች። እስክትርቅ ጠበቁ።

«አንቺ ጫማ አልገዛሽም» አሉኝ።